«ዝም አሉኝ»፦ የኬሚስትሪ ፒኤችዲ መልስ ለምትጠብቅ እህት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ክልል ሠርቼ፣ ማስተርሴን አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ በኤሌክትሮኬሚስትሪ ጨርሻለሁ። ቴሲሴ ከካርቦን ዱቄት በሚሠራ ኤሌክትሮድ (ካርቦን ፔስት ኤሌክትሮድ) ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን መለካት ነበር። አሜሪካ ለሚገኙ ሰባት የኬሚስትሪ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አመለከትኩ። አንዱ አልተቀበልንሽም አለኝ። አንዱ በዙም ኢንተርቪው አደረገልኝ፤ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አምስቱ ከነጭራሹ ዝም ብለዋል። ዛሬ የካቲት 10 ነው። ቴሌግራም ላይ ሰው ሁሉ ‹ተቀበሉኝ› እያለ ይለጥፋል። ዝምታቸው እምቢታ ነው? ኢሜይል ልጻፍላቸው? አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላብ ውስጥ ሥራ ሰጥቶኛል፤ ልግባ ወይስ ልጠብቅ? እናቴ በየቀኑ ‹ምን አሉሽ?› ትለኛለች። እኔም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ በየሰዓቱ ፖርታል፣ የማመልከቻዬን ገጽ፣ እከፍታለሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። የካቲት 10 ላይ ዝም ስላሉ ብቻ እምቢ ብለውኛል አትበይ። አንዳንዱ ፋይልሽን ገና አላነበበው ይሆናል። አንዳንዱ አንብቦ፣ ወዶት፣ ቦታ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። ሥራውን ግቢ። ኢሜይል ዛሬ አትጻፊ፤ የሚጻፍበት ጊዜ አለው፣ እነግርሻለሁ።

ይህን የምልሽ ከወሬ ተነስቼ አይደለም። ፒኤችዲዬን አሜሪካ ሠርቼ፣ እዚያው አንድ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ሦስት ዓመት የኬሚስትሪ ክፍሉ የቅበላ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንቺ ያለሽበት ቦታ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ያመለከትኩባቸው ስድስቱም አልተቀበሉኝም። ጠባቂም ሆኜ፣ አስጠባቂም ሆኜ አውቀዋለሁ።

አሁን ፋይልሽ የት እንዳለ ላሳይሽ።

አብዛኞቹ የአሜሪካ ኬሚስትሪ ክፍሎች ማመልከቻ የሚዘጉት ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። በእኛ ከኅዳር 22 ገደማ እስከ ጥምቀት ሰሞን መሆኑ ነው። ቀኑ በተዘጋ ማግስት ቁጭ ብሎ የሚያነብ ብዙ ሰው የለም። ፈተና ማረም አለ፣ ገናቸው አለ፣ አዲስ ዓመታቸው አለ። ፕሮፌሰሮቹ ሲመለሱ ፋይሉን በዘርፍ ይከፋፈሉታል። ኦርጋኒኩ ለኦርጋኒክ፣ የአንቺ ዓይነቱ ለአናሊቲካል (የልኬት ኬሚስትሪ) ሰዎች ይሄዳል። አንዱን ፋይል ሁለት ሦስት ሰው ያነበዋል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ሁሉም ይህን የሚሠራው ከማስተማሩና ከላቡ ጋር ደርቦ ነው። እኔ ፋይል የማነበው ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነበር። ደክሞኝ ያሳደርኩት ፋይል ስንት ነው። ያኔ አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ሆና ፖርታል እየከፈተች እንደሆነ አስብ ነበር። ግን ለደከመ ዓይን ሰጥቼ ከምበድላት፣ አንድ ቀን ብታድር ይሻላታል ብዬ አሳድረዋለሁ።

ከነጥቡ በላይ የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ አመልካች ስለማያውቀው ዘርዘር ላድርገው።

አሜሪካ ውስጥ የኬሚስትሪ ፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው ለትምህርቱ ከኪሱ አይከፍልም። እንዲያውም የመኖሪያ አበል ይከፈለዋል። ይህ አበል በመጀመሪያው ዓመት በብዛት የሚመጣው ከማስተማር ነው። አዲስ የገባው ተማሪ፣ የአንደኛ ዓመት ልጆችን ጄኔራል ኬሚስትሪ ላብ ያሠራል፣ ሪፖርታቸውን ያርማል። ስለዚህ ክፍሉ ስንት ሰው ይቀበላል የሚለው ጥያቄ፣ ስንት የላብ አስተማሪ ያስፈልገዋል ከሚለው ጋር የተሳሰረ ነው።

እንዲህ አስቢው። አንድ ዩኒቨርሲቲ 1,440 የጄኔራል ኬሚስትሪ ተማሪ አለው እንበል። አንድ ላብ 24 ልጅ ይይዛል። 60 ምድብ ሆነ። አንድ አስተማሪ ሁለት ምድብ ቢይዝ 30 አስተማሪ ያስፈልጋል። አሥሩን ነባር ተማሪዎች ያዙት። ለአዲስ ገቢ 20 ቦታ ቀረ።

አሁን ክፍሉ ለስንት ሰው የቅበላ ደብዳቤ ይላክ? ለ20 ሰው ብቻ ቢልክ ላቦቹ አስተማሪ ያጣሉ። ጎበዙን ተማሪ አራት አምስት ቦታ ይቀበሉታል፣ እሱ የሚሄደው ግን አንድ ቦታ ነው። ካለፉት ዓመታት ልምድ ከሦስት ሰው አንዱ ይመጣል ብለን እንያዝ። እንግዲያው በጠቅላላው 60 ደብዳቤ ያስፈልጋል። 60ውንም በአንድ ቀን ልኮ 35 ሰው እሺ ቢለው ደግሞ ጉድ ፈላ። ለ15 ሰው የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ ቃሉን ደግሞ ማጠፍ አይችልም። ስለዚህ ፈራ ተባ እያለ ይልካል። መጀመሪያ 40 ይልክና መልስ ይጠብቃል። «አልመጣም» ያሉትን ቆጥሮ አሥር ይጨምራል። እንደገና ይጠብቃል። ከዚያ የቀረውን ይልካል።

አየሽው? ከ41ኛ እስከ 60ኛ ያሉት ልጆች ኮሚቴው የሚፈልጋቸው ልጆች ናቸው። ደብዳቤያቸው ያልወጣው የሌላ ሰው መልስ ስላልመጣ ብቻ ነው። እኛ ጋ በሁለተኛው ዙር የገቡትን ላብ ውስጥ አይቻቸዋለሁ። ከመጀመሪያው ዙር ልጆች ያነሱበት ነገር አላየሁም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ማን በየትኛው ዙር እንደገባ የሚያስታውስ ሰው እንኳ የለም።

ከውጭ አገር ላመለከተ ሰው ሌላም ስሌት ይጨመራል። በስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ከስቴቱ ውጭ የመጣ ተማሪ የትምህርት ክፍያው ይበልጣል፤ ያንን የሚሸፍን በጀት መገኘት አለበት። ስለዚህ ለውጭ ተማሪ የተወሰነ ቦታ ብቻ የሚይዙ ክፍሎች አሉ። በዚያ ላይ ላብ የሚያሠራ ሰው እንግሊዝኛው የሚሰማ መሆን አለበት። ዙም ላይ ስለ ካርቦን ፔስት ኤሌክትሮድሽ ሲጠይቁሽ ሥራሽን ብቻ አይደለም ያዳመጡት። ነገሩን ለ18 ዓመት ልጅ ማስረዳት ትችያለሽ ወይ የሚለውንም እየሰሙ ነበር። በፈረንጆቹ 2025 ደግሞ የፌዴራል የምርምር ገንዘብ ተናግቶ አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚቀበሉትን ቁጥር ቀንሰዋል። ገንዘቡን የማያውቅ ክፍል ደብዳቤ ለማውጣት እጁ ይከብደዋል። ይህ ሁሉ ከአንቺ ውጤትና ከአንቺ ቴሲስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የምነግርሽ ዝምታውን ሁሉ በራስሽ ላይ እንዳታዞሪው ነው።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንምጣ።

የመጀመሪያው ዙር ደብዳቤ በብዛት ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በፌብሩዋሪ ይወጣል። ከዚያ ክፍሎቹ የተቀበሏቸውን፣ በተለይ አገር ውስጥ ያሉትን፣ ወጪ ችለው ለጉብኝት ይጠራሉ። ይህ ፌብሩዋሪና ማርች ውስጥ ነው። ልጆቹ ላቡን አይተው፣ ከተማሪዎቹ ጋር እራት በልተው፣ ከዚያ ነው የሚወስኑት። ስለዚህ ወረፋው በደንብ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከአድዋ በዓል በኋላ ነው። መጋቢት ዋናው ወርሽ ነው።

የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 7። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያወጣው ስምምነት አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈርመውበታል። በስምምነቱ መሠረት የገንዘብ ድጋፍ ያለው ደብዳቤ የደረሰው ተማሪ ከዚህ ቀን በፊት መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ለዚህ ነው አምስት ደብዳቤ የያዘ ልጅ አራቱን እስከ መጨረሻው ቀን ይዞ የሚቀመጠው። አንቺ የምትጠብቂው ቦታ በእሱ እጅ ነው ያለው። ሚያዝያ 5፣ 6 እና 7 ላይ ሲለቅ፣ ክፍሎቹ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ላሉት በጥድፊያ ይጽፋሉ። «በሁለት ቀን መልሺልን» ሊሉሽም ይችላሉ። በእነዚያ ቀኖች ኢንተርኔት አይጥፋብሽ። ሞባይል ዳታሽን ሙይ፣ መብራት ቢጠፋ የምትሄጂበትን ቦታ አስቀድመሽ እወቂ።

ፖርታሉን በየሰዓቱ ስለመክፈት አንድ ነገር ልበልሽ። ሰዓቱን እንቁጠረው። በእነሱ ብርድ ወቅት አዲስ አበባ ከኒው ዮርክ በ8 ሰዓት፣ ከካሊፎርኒያ በ11 ሰዓት ትቀድማለች። ኒው ዮርክ ቢሮ ሲከፈት እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ሲዘጋ ሌሊቱ 7 ሰዓት። ካሊፎርኒያ ሲከፈት እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት፤ ሲዘጋ ሌሊቱ 10 ሰዓት። ማርች ውስጥ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀንሳል። ስለዚህ አንቺ አብርሆት ቁጭ ብለሽ ረፋድ ላይ ስትከፍቺ፣ እዚያ ሁሉም ተኝቷል። ማንም ምንም አይጽፍልሽም። ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ ጊዜ ብትከፍቺ ሌሊቱን የመጣው ሁሉ ይጠብቅሻል። እሑድና ሰኞ ጠዋት ደግሞ መክፈት አያስፈልግም። አርብ ከሰዓት የጻፉት ቅዳሜ ንጋት ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ቢሮው እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ስፓም የሚለውን ሳጥን ግን አብረሽ ተመልከቺ። የቅበላ ደብዳቤ እዚያ ተቀብሮ የከረመበት ሰው አውቃለሁ።

ዛሬ ፖርታሉን የምትከፍቺበት አንድ ቁም ነገር አለ። የድጋፍ ደብዳቤዎችሽ ሦስቱም መድረሳቸውን አረጋግጪ። ይህን አደራ እልሻለሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በአንዱ ቦታ ፋይሌ ከነጭራሹ አልተነበበም። አንደኛው ደብዳቤ አልደረሰም ነበር። መምህሬ ልከዋል፣ እኔም ልከዋል ብዬ ተኛሁ። ያወቅኩት ሚያዝያ ላይ ነው። የእኛ መምህራን ብዙ ጊዜ የግል ኢሜይል ነው የሚጠቀሙት። ዩኒቨርሲቲው የሚልክላቸው ማገናኛ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ ወይም ሊንኩ ጊዜው ያልፍበታል። ፖርታሉ ላይ ከስማቸው ፊት «ደርሷል» የሚል ምልክት ከሌለ፣ ሚያዝያን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት መምህሩ ቢሮ ሂጂ። አራት ኪሎ ነሽ፤ ከአብርሆት ወጥተሽ በእግርሽ ትደርሻለሽ።

ቴሌግራሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። የሚለጥፈው የደረሰው ነው። ያልደረሰው አይለጥፍም። የባዮሎጂውም፣ የኢንጂነሪንጉም፣ የማስተርሱም እዚያው ነው የሚለጥፈው፤ የእያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ ለየብቻ ነው። ግሩፑን ለጊዜው ድምፁን አጥፊው።

አሁን ኢሜይሉ። ፕሮግራሙ «እስከዚህ ቀን እናሳውቃለን» ብሎ ከሆነ ያ ቀን ካለፈ ሳምንት ቆይተሽ ጻፊ። ቀን ካልሰጠ መጋቢት 5 ገደማ ጻፊ። የምትጽፊው ለድኅረ ምረቃ አስተባባሪዋ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ አድራሻዋ አለ። የፋይሎቹን ጉዞ በየቀኑ የምታየው እሷ ናት። ለክፍሉ ኃላፊ ወይም ለፕሮፌሰሮቹ ሁሉ በጅምላ አትላኪ። እኛ ጋ አንድ አመልካች ለ14 ሰው ተመሳሳይ ኢሜይል ልኮ፣ ኮሚቴው ፊት የተነበበው ፋይሉ ሳይሆን ኢሜይሉ ሆነ። አዘንኩለት፣ ልጁ ጎበዝ ነበር።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ስምሽንና የማመልከቻ ቁጥርሽን ጻፊ። ፋይሌ ሙሉ ነው ወይ፣ ውሳኔውስ መቼ ሊታወቅ ይችላል ብለሽ ጠይቂ። አሁንም ፍላጎት እንዳለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። አዲስ ነገር ካለሽ ጨምሪ። ከቴሲስሽ የወጣው ጽሑፍ፣ በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡሌቲንም ይሁን ሌላ ጆርናል፣ ተቀባይነት ካገኘ ያ ትልቅ ነገር ነው። ለእሱ መጋቢትንም አትጠብቂ፤ በደረሰሽ ቀን አሳውቂ። ልመና፣ የቤተሰብ ችግር፣ «ሕልሜ ነው» የሚለውን ተዪው። ልብሽ እንደዚያ እንደሚል አውቃለሁ። አስተባባሪዋ ግን በእሱ የምታደርገው ነገር የላትም።

ከዚህ የሚበልጥ ኃይል ያለው ኢሜይል አለ። አንዱ ቢቀበልሽና አንቺ የምትመርጪው ሌላው ዝም ቢል፣ ለዚያኛው ጻፊ። «ሌላ ቦታ ከነገንዘብ ድጋፉ ተቀብለውኛል፣ እስከዚህ ቀን መመለስ አለብኝ፣ ምርጫዬ ግን እናንተ ናችሁ» በዪ። እንዲህ ያለው ኢሜይል ሲደርሰን ፋይሉን አውጥተን እንደገና እናይ ነበር። በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ነሽ ከተባልሽ ደግሞ፣ ከጠራችሁኝ ወዲያው እመጣለሁ ብለሽ ጻፊ። ይህን የምትይው ግን እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ኤፕሪል 14 ላይ አንድ ቦታ የቀረው ኮሚቴ፣ እሺ እንደምትል ለሚያውቃት ነው የሚጽፈው።

ኢንተርቪው ላደረጉልሽ ምስጋና ልከሻል? ካልላክሽ አሁንም አልረፈደም፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ዝምታቸው ግን አያስደነግጥሽ። ለኢንተርቪው መጠራትሽ ፋይልሽ የመጀመሪያውን ወንፊት እንዳለፈ ይናገራል። ለውጭ አገር አመልካች ይህን የሚያደርጉት ለሁሉም አይደለም፤ ጊዜም ጉልበትም ይፈጃል። የሁሉም ኢንተርቪው ሳያልቅ ደግሞ ኮሚቴው አይቀመጥም።

ስለ ሥራው። ግቢ፣ ሳታመነቺ። ትምህርቱ የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ስድስት ወር ገደማ አለሽ። የመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ላብ ማለት ኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ማለት ነው። ናሙና ማዘጋጀት፣ ዘዴ ማረጋገጥ፣ መዝገብ በሥርዓት መያዝ ማለት ነው። ለአናሊቲካል ኬሚስት ከዚህ የተሻለ መጠበቂያ ቦታ አይገኝም። አራት ኪሎ ላብ ውስጥ አንድ መሣሪያ ስንት ሰው ተሰልፎ እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ። እዚያ በየቀኑ እጅሽ ላይ ይሆናል። ዘንድሮ ባይሳካ እንኳ በሚቀጥለው ማመልከቻሽ ላይ የምትጽፊው ነገር አገኘሽ።

ስትፈርሚ ውሉን አንብቢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ደብዳቤ ቢደርስሽ የሚያስርሽ የለም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ድርጅቱ ሥልጠና ሰጥቶሽ «ይህን ያህል ዓመት ታገለግያለሽ» የሚል ግዴታ ካስፈረመሽ ነገሩ ሌላ ነው። ያንን ሳታስቢበት አትፈርሚ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽ፣ ግን ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ሰው የሚያለቅስበት ጉዳይ። ወረቀት። ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለሽ በኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ እንዲላክለት ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዲግሪሽ ኮስት ሼሪንግ ካልተከፈለ፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ ማስረጃ) ብቻ ይዘሽ ከሆነ፣ ኦሪጅናሉም ትራንስክሪፕቱም አይሰጥሽም። ክልል ድረስ ተመላልሰሽ ክሊራንስ እስክታወጪ ሳምንታት ይሄዳሉ። ሰኔ ላይ በጭንቀት ከመሮጥ መጋቢት ላይ በእርጋታ ጀምሪው። ደመወዝሽም ሲጀምር ለዚህ ይሁን። ፓስፖርትሽ ጊዜው የቀረበ ከሆነ አሁኑኑ አሳድሺ፤ ወረፋውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከዚያ ቪዛ አለ። ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ ብቻ 350 ዶላር ነው፣ የቪዛው ማመልከቻ ለብቻው ይከፈላል። ኤምባሲው ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ነው፤ ቀጠሮው ግን ከመንገዱ ይረዝማል። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን፣ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ እንደላከልሽ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ያዢ።

ደብዳቤው ሲመጣ ደስ ይበልሽ፤ አልቅሺ፣ እናትሽ እልል ትበል። በማግስቱ ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል? አበሉ ለዘጠኝ ወር ነው ወይስ ለአሥራ ሁለት? የጤና መድን አለበት? ለስንት ዓመት ቃል ተገብቷል? «ተቀብለንሻል» ብሎ ስለ ገንዘብ ምንም የማይል ደብዳቤ ከመጣ እሺ ከማለትሽ በፊት ጠይቂ። ለኬሚስትሪ ፒኤችዲ ድጋፍ የሌለው ቅበላ እንድትቀበዪ አልመክርሽም። ለ«ቦታ ማስያዣ» ገንዘብ ላኪ የሚል መልእክት ከመጣም፣ ዶላር ከመፈለግሽ በፊት ፖርታሉ ላይና ከአስተባባሪዋ አረጋግጪ።

ሁሉም እምቢ ካሉስ? ይሆናል፣ ሆኖብኝ ያውቃል። ምክንያቱን አይነግሩሽም። እኔ ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ ያየሁትን ግን ልንገርሽ። የእኛ ልጆች የዓላማ መግለጫ ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኬሚስትሪ እንደሚወዱ ይጽፋሉ። አንባቢው የሚፈልገው ግን ሥራውን ነው። ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ስትለኪ ምን አስቸገረሽ? ኤሌክትሮዱ ሲበላሽብሽ ምን አደረግሽ? ለምን ያንን መረጥሽ? ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ናት» የሚል አምስት መስመር ደብዳቤ ያለ ክፋት ይገድልሻል። የውጭ ኮሚቴ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን በቅርብ አያውቅም፤ ስለ አንቺ የሚያምነው መምህርሽ በዝርዝር የጻፉትን ነው። ሲጽፉልሽ የሠራሽውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ስጫቸው፤ ቅር አይላቸውም። ሦስተኛው ምርጫ ነው። በዘርፍሽ አንድ ፕሮፌሰር ብቻ ያለበት ክፍል ላይ ያመለከተ ሰው፣ ያ ፕሮፌሰር በዚያ ዓመት ተማሪ ካልወሰደ አለቀለት። ቢያንስ ሦስት የምትፈልጊያቸው ሰዎች ያሉበትን ክፍል ምረጪ። ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ላይ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ደግሞ መጠየቁን አረጋግጪ። ብዙ ክፍሎች ትተውታል፣ የኬሚስትሪው የትምህርት ዓይነት ፈተና ከ2023 ወዲህ ጭራሽ የለም። አውሮፓ ደግሞ ሥርዓቱ ይለያል፤ ጀርመንና ስካንዲኔቪያ ውስጥ ፒኤችዲ እንደ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ይወጣል፣ የምታመለክቺው ለአንድ ላብ ነው። ለኤሌክትሮኬሚስት ባትሪ ላይ የሚሠራ ላብ እዚያ አይጠፋም። ታይዋንም ብዙ የእኛ ልጆች በዘርፉ እየተማሩ ነው።

እናትሽን አልረሳሁም። በየቀኑ «ምን አሉሽ?» የሚሉሽ ቀኑን ስላላወቁት ነው። ቀን ስጫቸው። ከየካቲት 10 እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ 57 ቀን ነው። ከሁዳዴ በሁለት ቀን ቢበልጥ ነው። «እማዬ፣ አንድ ሁዳዴ ያህል ነው፣ እስከዚያ አትጠይቂኝ፣ ከመጣ እኔው እነግርሻለሁ» በያቸው። ሁዳዴን የጾሙ እናት ይህን ቁጥር ከእኔም ከአንቺም በላይ ይረዱታል።

መጋቢት 5 ላይ የምትልኪውን ኢሜይል ስትጽፊ፣ ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ። አይቼ እመልስልሻለሁ። ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ መምህሮችሽ ጋ፣ ስለ ደብዳቤዎቹ።